መንገድ ተብሎ የቀረ አገር
ስለ መተማ ቈላ የጥንት ቅርስ የቀረበ ሒስ

ከጐንደር ተነሥቶ ወደ ሱዳን የሚወርድ መንገደኛ አይከልንና ነጋዴ ባሕርን አልፎ፣ ደጋው ከኋላው ሲቀር፣ ገንዳ ውሃ ይደርሳል። ከተማዪቱ ሸኸዲ የሚባል ሌላ ስም አላት፤ ዛሬም የምዕራብ ጐንደር ዞን መቀመጫ ናት። ከዚያ በኮኪት በኩል ወርዶ ጠረፉ ላይ መተማ ዮሐንስን ያገኛል። ከመተማ ዮሐንስ ወዲያ በክረምት ብቻ ውሃ የሚወርድበት አንድ ፈፋ አለ፤ ከፈፋው ማዶ ያለችው ገላባት የሱዳን ናት። በ19ኛው ምዕት ዓመት ያለፉት ተጓዦች ሲጽፉ ገላባት የሚሉት አውራጃውን፣ መተማ የሚሉት ደግሞ የገበያውን ከተማ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት ውል መሠረት ወሰኑ ከተከለለ በኋላ ግን ሁለቱ ስሞች የሁለት መንግሥታት ሆኑ።

በዘመናችን ስለ ቅርስ በሚደረጉት ጉባኤዎች አንድ ሐሳብ ዘወትር ይደጋገማል። ይኸውም የጥንት ቅርስ ባህላቸው የተለያየውን ሕዝቦች ያነጋግራል፤ ከማኅበሩ ውጭ የቀሩትንም ወደ ማኅበሩ ያስገባል የሚለው ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን መልካምነቱ የሚታወቀው በቀላል ቦታ ሳይሆን በአስቸጋሪ ቦታ ሲፈተን ነው። አንድ ሕዝብ ብቻ በሚኖርበት፣ አንድ ታሪክ ብቻ በሚነገርበት አገር ላይ ቅርስ ያነጋግራል ማለት ምንም አያስከፍልም። የመተማ ቈላ ግን ንጉሠ ነገሥት የወደቀበት፣ ሁለት መንግሥታት የተዋጉበት፣ ዐማራው፣ ጉምዙ፣ ቅማንቱ፣ አገው፣ ትግሬው፣ ሱዳናዊው ነጋዴና ከየአውራጃው ለሰሊጥ ዐጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ጐን ለጐን የሚኖሩበት አገር ነው። ሐሳቡ እውነት ከሆነ እዚህ ሊታይ ይገባል።

ስለዚህ ቈላ የተጻፈውን የሚመረምር ሰው አስቀድሞ የሚገነዘበው ነገር ጸሐፊዎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል መንገደኞች መሆናቸውን ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1699 ከስናር ወደ ጐንደር ወጣ፤ ስኮትላንዳዊው ብሩስ በ1772 ከጐንደር ወደ ስናር ወረደ፤ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1862 የዓባይን ገባሮች ሲያስስ በመተማ አለፈ። ሦስቱም ለታሪክ ጠቃሚ ነገር ትተዋል። ነገር ግን ቈላው ለእነርሱ መሻገሪያ ነበር፤ በሽታው፣ ሙቀቱና ቀረጡ እስኪያልፍ የሚታገሡት ቦታ። የሚያስደንቀው ይህ የመንገደኛ ዓይን እስከ ዛሬ አለመለወጡ ነው። ሊቃውንቱም፣ ባለሥልጣናቱም፣ የታሪክ መምህራኑም ስለ መተማ ሲናገሩ ሌላ ሰው ያለፈበትን መንገድ እንጂ ሰው የሚኖርበትን ቤት አይገልጹም። የሚከተለው ሒስ በዚህ ላይ ያተኵራል።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣውን የሽንፋን ጥናት አስቀድሞ ማየት ይገባል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህር በጆን ካፔልማን መሪነት ኢትዮጵያውያንም የተካፈሉበት ቡድን ያዘጋጀው ይህ ጥናት ሽንፋ መተማ 1 ተብሎ በተሰየመ ሥፍራ የተገኘውን የጥንት ሰዎች ሰፈር ይመለከታል። የሽንፋ ወንዝ ሱዳን ሲገባ ራሃድ ይባላል፤ ወደ ጥቍር ዓባይም ይገባል። ሊቃውንቱ በአፈሩ ውስጥ ከሰው ጠጕር የቀጠነ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ አገኙ። ይህም ብርጭቆ ከ74,000 ዓመት በፊት በሱማትራ ደሴት የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ እስከ ሽንፋ የላከው መሆኑን አረጋገጡ። በዚያ ዘመን ድርቁ ሲበረታ ወንዙ እየተቈራረጠ ኵሬ ብቻ ይቀር ነበር። የሰፈሩ ሰዎችም አልጠፉም፤ አውሬ እያደኑ፣ ከበፊቱ ይልቅ ዓሣ እያበዙ ኖሩ። ሦስት ማዕዘን ሆነው የተጠረቡት ትንንሽ የድንጋይ ጫፎችም ቀስት ይወረወር እንደ ነበረ የሚያመለክቱ ይመስላሉ።

ጥናቱ በአሠራሩ ጠንቃቃ ነው። ስለ ቀስቱም ጸሐፊዎቹ የተናገሩት በጥንቃቄ ነው፤ ጋዜጦች ያንን ትተው «የመጀመሪያው ቀስተኛ» ማለታቸው የሊቃውንቱ ጥፋት አይደለም። ሒሱ በሌላ ነገር ላይ ነው። የጥናቱ ታላቅ ጥያቄ የሰው ልጅ ከአፍሪቃ እንዴት ወጣ የሚል ነው፤ የመልሱም ዋና ነገር በበጋ የሚቈራረጡት ወንዞች ሰውን ከኵሬ ወደ ኵሬ እየመሩ መንገድ ሆኑት የሚል ነው። እንግዲህ ሽንፋ እንደገና መንገድ ሆነች። ከ74,000 ዓመት በፊት እንኳ የሽንፋ ሰው የሚታሰበው በመሄዱ እንጂ በመኖሩ አይደለም። ነገር ግን የተገኘው ነገር ሁሉ የሚመሰክረው የሚሄድ ሰው ሳይሆን የሚቈይ ሰው መኖሩን ነው፤ እሳት ያነደደ፣ አጥንት የፈለጠ፣ ክፉ ዘመን ሲመጣ ሳይሸሽ ምግቡን የለወጠ ሰው። በበጋ ኵሬ ዓሣ መያዝን የሚያውቀው የዛሬው የወንዙ ዳር ነዋሪ ይህን ቢሰማ ለማመን አይቸገርም፤ የሚቸገረው ነገሩ በምን ቋንቋ፣ በማን አፍ ይደርሰዋል በሚለው ነው።

ሁለተኛው ጥናት ለዚህ ሒስ ይበልጥ ይቀርባል። የስፔን ሊቃውንት አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባልና አልቫሮ ፋልኪና ስለ ቋራ አገር የጥንት ማኅበሮች እ.ኤ.አ. በ2017 በአፍሪቃ አርኬዎሎጂ መጽሔት ላይ አንድ ረጅም ጽሑፍ አውጥተዋል። ዘመኑ ከ600 እስከ 1850 ይደርሳል። አብዛኛው ደገኛ አንባቢ ቋራን የሚያውቃት በዳግማዊ ቴዎድሮስ ትውልድ አገርነት ብቻ ነው፤ ከካሳ በፊት በቋራ ሰው ይኑር አይኑር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሁለቱ ሊቃውንት ይህን ባዶ ቦታ መሙላት መጀመራቸው ብቻውን ታላቅ ምስጋና ይገባዋል። ሰባራ ሸክላ ለቅመው፣ ኮረብታ ለኮረብታ ዞረው፣ የቈላው ሕዝብ ከሱዳን ሜዳ ጋር የጠበቀ ዝምድና እንደ ነበረው፣ በታላላቅ መንግሥታት መካከል ሆኖም የራሱን አኗኗር እንደ ጠበቀ አሳይተዋል።

ጉድለቱ ከርእሱ ይጀምራል። ርእሱ አገሩን «የሱዳን ምሥራቃዊ ጠረፍ» ይለዋል። የኢትዮጵያ ታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ይህንኑ መሬት የጐንደር ምዕራባዊ ጠረፍ ይሉታል። ሁለቱም ወገን አገሩን የሌላ ነገር ጫፍ አድርገው ይጠሩታል፤ ከጫፉ የሚነሣ ማንም የለም። ሌላም ነገር አለ። ጎንዛሌዝ ሩይባል እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ስለ ኢትዮጵያና ሱዳን ጠረፍ በሚናገር መጽሐፉ የጠረፉን ሕዝቦች አኗኗር መንግሥትን እንደ መቃወም አድርጎ ይተረጕመዋል። በባርያ ፈንጋይ ሲታደኑ ለኖሩት ለጉምዞችና ለሌሎች የጠረፍ ሕዝቦች ይህ ትርጓሜ ብዙ ነገር ያበራል። ለመተማ ገበያ ግን አይበቃም።

የመተማን ገበያ ያቀኑት ተክሩሮች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከምዕራብ አፍሪቃና ከዳርፉር በኩል ለሐጅ ወጥተው፣ ከመካ ሲመለሱም ሆነ ሳይደርሱ፣ በዚህ ቈላ ቀርተው ጥጥ የዘሩ፣ የነገዱና የራሳቸውን ሼክ የሾሙ ናቸው። ለግብጽም ለኢትዮጵያም ግብር ይከፍሉ ነበር፤ በሁለቱ መካከል መኖር ለእነርሱ መሸሻ ሳይሆን መተዳደሪያ ነበር። ሰም፣ ቡና፣ ጥጥና ጨርቅ፣ የሚያሳዝነውም ነገር ባርያ ጭምር፣ በዚህ ገበያ ተሸጠ። ጠረፍን ሁሉ የመሸሻ አገር አድርጎ የሚያይ ትርጓሜ እንዲህ ያለውን፣ ወዶና አስቦ በሁለት መንግሥታት መካከል ቤት የሠራን ሕዝብ ቦታ ያሳጣዋል። የሚገርመውም መንገደኛ ሆኖ መጥቶ ባለቤት የሆነው ይህ ሕዝብ በመተማ ታሪክ ውስጥ ስሙ እምብዛም አለመነሣቱ ነው።

በዚሁ አካባቢ እስከ ቅርብ ጊዜ በሊቃውንት ዘንድ የማይታወቅ አንድ ቋንቋ መኖሩም ሊጠቀስ ይገባል። ከጉምዝ ቋንቋ ጋር የሚዛመደውን የዳጽዒን ቋንቋ ኮሊን አህላንድ የተባለችው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ጽሑፍ አስተዋውቃዋለች፤ ከተናጋሪዎቹም የቋራ ነዋሪዎች አሉ። በ21ኛው ምዕት ዓመት «ተገኘ» የተባለ ሕዝብ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የትም አልሄደም ነበር።

አሁን ወደ ጦርነቱ እንመለስ፤ የመተማ ስም በተጠራ ቍጥር የሚነሣው እርሱ ነውና። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ በጥይት ቈሰሉ፤ ከቍስላቸውም የተነሣ ዐረፉ። ሠራዊቱ አስከሬኑን ይዞ ሲመለስ ደርቡሾች በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደርሰው ማረኩት፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። የጠረፉ ከተማ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ መባሏ ይህን ለማሰብ ነው። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ነገሩን በዚህ መልክ ያውቀዋል፤ የመሥዋዕትነቱም ክብር የማያጠራጥር ነው።

ቅር የሚያሰኘው ትረካው ከዚህ አለመዝለቁ ነው። በጥር 1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ መተማ ወርደው የደርቡሹን አሚር መሐመድ ወድ አርባብን ድል ነሥተው እንደ ገደሉት የሚያስታውሰው ማን ነው? በዓመቱ በጥር 1880 ዓ.ም. ሐምዳን አቡ አንጃ ሣር ውሃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አሸንፎ ጐንደርን አቃጠለ፤ ይህ በደገኛው ዘንድ አልተረሳም። ያኛው ግን ተረሳ። ከዚያም ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የጻፉት የሰላም ደብዳቤ አለ። ሁለቱ ሕዝቦች እርስ በርሳቸው ከሚፋጁ ይልቅ ከአውሮፓ የሚመጣውን የጋራ ጠላት ቢያስቡ እንደሚሻል ያሳሰቡበት ነው፤ መልሱ ስድብ ቢሆንም። ስለ ባህል ለባህል ንግግር የሚሰበሰቡ ጉባኤዎች ይህን ደብዳቤ አለማንሣታቸው እንግዳ ነገር ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1884 በተፈረመው የዐድዋ ውል መሠረት በደርቡሽ ተከበው የነበሩት የግብጽ ጦር ሰፈሮች እንዲወጡ ኢትዮጵያ ስትረዳ፣ የገላባቱም ሰፈር በ1877 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል ወጥቷል። ተክሩሮቹን ይመራ የነበረው ሼክ ሳሊህ ሻንቃም ከማህዲው ወገን ሳይሆን ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ሆነ። እንግዲህ የክርስቲያንና የእስላም ጦርነት ብቻ ተብሎ የሚተረከው ነገር ከውስጡ ሲታይ እስላም የክርስቲያን ንጉሥ ወዳጅ የሆነበትም ነው።

ከማዶ ያለው ትረካም ግማሽ ነው። በኢትዮጵያ «ደርቡሽ» የሚባሉት በሱዳን «አንሷር» ናቸው፤ መተማም ለእነርሱ የእምነት ድል ነው። በዚያ ትረካ ውስጥ ጐንደር መቃጠሏ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ መዘረፋቸው፣ ከጐንደር የተነዳው ምርኮኛ ትንሽ ቦታ ነው ያለው። መሬቱ ግን የሁለቱንም ወገን አልመረጠም። በዚያ ቀን ደርቡሾች በእሾህ አጥርና በጕድባ የመሸጉት ዘሪባ ውስጥ ከወታደሩ ጋር ሴቶችና ልጆች ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ሠራዊት አጥሩን ጥሶ የገባው በእነርሱ ላይ ጭምር ነው። ጕድባ በአፈር ውስጥ ብዙ ዘመን ይቈያል። በሥርዐት ቢጠና፣ ከሁለቱም ትረካ የቀሩትን እነዚህን ሰዎች የሚያስታውሰው ምናልባት እርሱ ብቻ ነው።

በዚሁ አፈር ላይ ሌላ ጦርነት ተደርቧል። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የሕንድና የእንግሊዝ ጭፍሮች በዊልያም ስሊም መሪነት ከሱዳን ተነሥተው ጣሊያን በያዘው በገላባትና በመተማ ላይ ዘመቱ፤ ገላባትን ያዙ፣ መተማን ግን አልቻሉም። ጣሊያንም ከራሱ ሰዎች ጋር የቅኝ አገር ወታደሮችን አሰልፎ ነበር። ዛሬ በማሳው ውስጥ የዛገ የጥይት ቀለህ የሚያገኝ ገበሬ የዐፄ ዮሐንስ ዘመን ይሁን የጣሊያን ዘመን ለመለየት የሚረዳው የለም። የሁለቱ ልዩነት 51 ዓመት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀለሁን ያገኘው ሰው ታሪኩን ከሌላ ሰው አፍ ብቻ ከመስማት የሚወጣው በእንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ምን ይላል? ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቈፈርን ይከለክላል፤ ባጋጣሚ የተገኘን ቅርስ ማስታወቅን ያዝዛል፤ በቍፋሮ የወጣውንም ለመንግሥት ማስረከብን ግዴታ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ዘረፋን ለመከላከል አስፈላጊ ነው፤ ቅርሳችን ወደ ውጭ አገር እንዴት እንደ ተጓዘ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያሻም። ነገር ግን ሕጉ ቅርሱን ከሌባ ሲጠብቅ ቅርሱ የተገኘበትን ሰው በዋናነት የሚያውቀው አስታዋቂ አድርጎ ነው። ገበሬው ያስታውቃል፤ ሊቁ ይቈፍራል፤ ቅርሱ ወደ ዐዲስ አበባ ይሄዳል። የሽንፋ ድንጋይም ከሽንፋ የሚወጣው በዚያው መንገድ ነው።

በማዶው አገር ሌላ ዓይነት አሠራር ተሞክሯል። በኦምዱርማን የኸሊፋ አብዱላሂ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ሙዚየም ነው፤ የማህዲያውን ዘመን ዕቃዎች የያዘ ነው። በቅርብ ዓመታት ይህ ቤት፣ የኤል ኦበይድ ሙዚየምና በኒያላ ያለው የዳርፉር ሙዚየም በየአካባቢያቸው ሕዝብ ተሳትፎ እንዲታደሱ አንድ ሥራ ተሠርቷል። ዐላማው ሙዚየሙን የመንግሥት መጋዘን ከመሆን አውጥቶ የሰፈሩ ሰዎች የሚገቡበት ቤት ማድረግ ነበር። ለኢትዮጵያውያን ይህ ቤት ተራ ቤት አይደለም፤ የዐፄ ዮሐንስ ራስ የተወሰደው ወደዚያች ከተማ ነውና። ይሁን እንጂ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ ኦምዱርማንም የውጊያ ሜዳ ሆነች፤ በካርቱም ያለው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም መዘረፉም በዓለም ተሰማ። የኦምዱርማኑ ሥራ ቅርስ ብቻውን ሰላም እንደማያመጣ ያሳያል፤ ከንቱ ነበር ግን አያሰኝም።

ከዚያ ጦርነት የሸሹት በአስር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በዚሁ በመተማ በር ነው። የአንሷር የልጅ ልጆች ዐፄ ዮሐንስ በወደቁበት መሬት ላይ መጠለያ ለመኑ። ቈላውም በዚያ ጊዜ ሰላም አልነበረም፤ ስደተኞቹ በሰፈሩበት ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከዚያ ቀደም በ2011 ዓ.ም. በመተማና በገንዳ ውሃ አካባቢ በዐማራና በቅማንት መካከል በተነሣው ግጭት ሰው ሞቷል፤ ቤት ተቃጥሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ይህ አገር የማን ነው» የሚለው ጥያቄ የሊቃውንት ጥያቄ መሆኑ ይቀራል፤ ማን ቀድሞ መጣ በሚል ክርክር ሰው ይገደልበታል። በዚህም ምክንያት ቅርስን ለማነጋገሪያነት ማዋል አደጋም አለበት። ሰባራ ሸክላን አንሥቶ «ይህ የእኛ ነው፤ እናንተ እንግዶች ናችሁ» ማለት ቀላል ነው። ከቋራውና ከሽንፋው ጥናት አንዱን ብቻ ቈንጽሎ ለእንዲህ ያለ ክርክር ማዋልም ይቻላል። ሁለቱን አብሮ ያነበበ ሰው ግን ይህን ማድረግ ይቸግረዋል፤ በዚህ ቈላ ንጹሕ የአንድ ወገን የሆነ ዘመን አይገኝምና።

እንግዲህ ጉድለቱ የጥናት ማነስ ብቻ አይደለም። ጥናቱ ጥቂትም ቢሆን አለ፤ የሚጐድለው ወደ ባለቤቱ መመለሱ ነው። ለዚህም ታላቅ ሕንፃ አያስፈልግም። ገንዳ ውሃ ላይ አንድ ክፍል፣ በውስጡም የሽንፋ የድንጋይ ጫፍ አምሳያ፣ የቋራ ሸክላ ፎቶግራፍ፣ በአጠገቡም ዛሬ ሸክላ የምትሠራ የጉምዝ ሴት ራስዋ የምታስረዳው እንስራ፣ የተክሩሮችን ገበያ የሚያሳይ ካርታ፣ የዐፄ ዮሐንስ የሰላም ደብዳቤ ቃል በዐማርኛና በዐረብኛ ቢኖሩ ለመጀመር ይበቃል። አስቸጋሪው ሥራ ዕቃውን መሰብሰብ ሳይሆን ከዕቃው በታች የሚለጠፈውን ጽሑፍ መጻፍ ነው። በጦርነቱ ፊት «ደርቡሽ» ይባል ወይስ «አንሷር»? ለቦታው ስም «መተማ» ይቅደም ወይስ «ገላባት»? ለከተማዪቱስ «ገንዳ ውሃ» ወይስ «ሸኸዲ»? ሁለቱም ይጻፉ ቢባል ከላይ የሚሆነው የቱ እንደ ሆነ ወዲያው ክርክር ይነሣል። ይህን ክርክር የዞኑ ጽሕፈት ቤት በዝግ በር ከሚጨርሰው ይልቅ በገበያ ቀን፣ ደገኛውም ጉምዙም ቅማንቱም ከማዶ የመጣውም ነጋዴ ባሉበት፣ ክፍሉ ሳይከፈት ቢደረግ ይሻላል።